በእናቷ ስም የተጠራችው የውሃ ተርብ

«ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዷን በስሜ ነው የጠራት» አለች እናቷ፣ ዛሬ ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ። «ያቺን ሲያርፉ ክንፋቸውን ጀርባቸው ላይ ከሚያጥፉት ቀጫጭን የውሃ ተርቦች ቡናማዋን። በጥናት መጽሔት ልትወጣ ነው።»

«ታድለሽ!» አለች ጎረቤቷ ሻይዋን ፉት እያለች። «የእኔው ሰውዬ እኔንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅ።»

ለቀስተኞቹ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ልጅቷ ግን መቀመጥ አቃታት። ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ትመላለሳለች፤ ሻዩን ካልጨረሰ ሰው እጅ ሳይቀር ብርጭቆ ትቀማለች።

«ኧረ ልጄ፣ አንዴ እንኳ አረፍ በይ» አሏት አክስቷ።

እንዴት ትረፍ? የአባቷ የሥራ ባልደረባ የሟቹን ጥናት የመጨረሻ የእርማት ቅጂ ይዞ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሥዕሎቹን የሣለችው እሷ ስለሆነች፣ የሚታረም ካለ ዛሬውኑ መናገር አለባት።

ትናንት ለለቀስተኛ የሚሆን የአባቷን ፎቶ ስትፈልግ ነው ካሜራው ውስጥ ጉዱን ያየችው። ሰማያዊው የውሃ ተርብ ቡናማዋን በጭራው ጫፍ አንገቷን ይዟት፣ ሸምበቆ ላይ ተጣምረዋል። አንድ ጥንድ ቢሆን ተሳስተው ነው ትል ነበር፤ ዘጠኝ ጥንድ ቆጠረች። አባቷ ከቡናማዎቹ የያዘው ሦስት ብቻ፣ ሦስቱም ሴት ነበሩ። ለካ አዲስ ዝርያ አይደሉም፤ የሰማያዊው ሚስቶች ናቸው። ሰማያዊውን ደግሞ ካቻምና ስም አውጥቶለታል፤ በሙያው ደንብ የሚጸናው ቀድሞ የወጣው ስም ነው።

አባቷ ለስህተት ክፉ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ክንፍ ላይ የሌለ መስመር ጨምራ ብትሥልለት ወረቀቱን ቀደደው። «ያላየሽውን አትሣዪ!» አኩርፋ ራቷን ሳትበላ ተኛች። ጠዋት ትራሷ ሥር የራሱን አጉሊ መነጽር አገኘች። ይቅርታ መጠየቅ አይሆንለትም ነበር።

ታዲያ ስህተቱ በስሙ ይታተም? ወይስ እናቷ ይህችንም ትጣ? ልጅቷ ጨነቃት። በመጨረሻ እናቷን ጓዳ አስገብታ ካሜራውን አሳየቻት።

«እማዬ፣ ቡናማዋ እኮ...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ከወንዝ አሞት የተመለሰ ቀን እህል አልቀምስም አለ። ‹ተሳስቻለሁ፣ ስምሽን ልሰርዘው ነው› አለኝ። ‹መጀመሪያ ዳን፣ ከዚያ ታርመዋለህ› ያልኩት እኔ ነኝ። የሚድን መስሎኝ።»

«ታዲያ ለሰው ሁሉ የምታወሪው ለምንድን ነው?»

«ለሦስት ቀን እንኳ የእኔ ትሁን ብዬ ነዋ!»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ኋላ ባልደረባው ወረቀቱን ይዞ ገባና ነገሩን ሲነግሩት አቀረቀረ። «እርስዎ ካሉ...» ብሎ እስክሪብቶውን ለእናቷ ዘረጋላት። የተርቧ ስም የተጻፈው እናቷ በማታነበው በላቲን ፊደል ነው።

«የቱ ጋ ነኝ?» አለች።

ልጅቷ በጣቷ አሳየቻት። እናቷ ስሟን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችና ቀለሙ እንዳይዝረከረክ ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት።