የተበላሸ ናሙና

የሸዋ ቤንች ልጅ የሆነችው ንጋቷ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የግል የቡና ምርምር ጣቢያ ስትቀጠር፣ የተሰጣት ሥራ ከደረቁ የቡና ግንዶች ቁራጭ እየወሰደች ላቦራቶሪ ውስጥ ፈንገስ ማብቀል ነበር። ቡናውን የሚያደርቀው ፈንገስ መሆኑን በጣቢያው የሚጠራጠር አልነበረም። ኃላፊው ዶክተር ፈንታው የተመረቁት በዚሁ ፈንገስ ጥናት ነው፤ ሌሎቹን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

ከቁራጮቹ ግን ብዙዎቹ ምንም አያበቅሉም። እነዚህ «የተበላሸ ናሙና» ተብለው ይጣላሉ።

«ለምንድነው የምንጥላቸው?» አለች አንድ ቀን በስብሰባ ላይ።

«ፈንገሱ ካልታየ ናሙናው ተበላሽቷል ማለት ነዋ!» አሉ ዶክተሩ።

«ታዲያ ፈንገስ የለም እንድንል ምን መታየት አለበት?»

የሥራ ባልደረባዋ ዲቦራ ሳቀች። «ማስተርሷን ገዝታው ነው እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ወዲህ አብሯት ምሳ የሚበላ ጠፋ፤ የላቦራቶሪውንም ቁልፍ ተቀማች።

ንጋቷ እልኸኛ ናት። ቲቶ የሚባል ገበሬ ቡናዬ ደረቀ እያለ ሲያማርር ሰምታ ማሳው ድረስ ሄደች። ስትቆፍር ከሥሩ በታች እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሸክላ አገኘች፤ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ በስብሷል። ከቲቶ ጋር ሆነው በማሳው ግማሽ ላይ ቦይ ቀደዱ። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሲመጣ ቦይ ያለበት ወገን ለመለመ፤ ሌላው መድረቁን ቀጠለ።

መጥተው እንዲያዩላት ዶክተሩን ለመነቻቸው። መጡ። ዲቦራን፣ ገጀራና ነዳጅ የያዙ ሠራተኞችን፣ የታመመ ማሳ ይቃጠል የሚለውን ደንብ የሚያስከብር የቀበሌ ሚሊሻም አስከትለው መጡ።

«ይኼኛው ወገንስ?» አለች ለምለሙን እያሳየች።

«በሽታው ገና አልደረሰበትም።»

«ጎን ለጎን ናቸው እኮ፣ ዶክተር!»

«ለዚህ ነው ሳይደርስበት የሚቃጠለው።»

ዲቦራ አንዱን ቅጠል ዳሰስ አደረገችና «ጤነኛ ይመስላል» አለች ቀስ ብላ። ዶክተሩ ዞር ብለው አዩዋት።

«ይመስላል ነው ያልኩት» ብላ እጇን ሰበሰበች።

ንጋቷ ዛፎቹ ፊት ቆመች። ሚሊሻው በሰደፍ ገፍቶ ጣላት። ፍሬ ያንዠረገገው ቡና ከደረቁ ጋር አብሮ ነደደ።

ጭሱ ሳይጠፋ ቲቶን ልታጽናና ጠጋ አለች።

«ወግጂ!» አላት። «መንገድ እየመራ ያመጣቸው ማነው? አንቺ አይደለሽ?»



በዓመቱ ጣቢያው በሽታው ከአካባቢው መጥፋቱን አስታወቀ። እርግጥ ነው፤ በየማሳው ተቃጥሎ የሚደርቅ ቡና አልቀረም። ንጋቷ ሥራዋን ለቃ ማጂ ገባች፤ አሁን እዚያ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ዶክተሩ ለበዓል «እንኳን አደረሰሽ» ለማለት ይደውሉላታል። ስልኩ ጠርቶ እስኪዘጋ ስማቸውን ታየዋለች እንጂ አታነሳም።