ከውጭ የሚቆለፍ በር

በሕፃናት ደኅንነት ቢሮው ውስጥ ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ልቀመጥ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከአሠራሯ ነው። ሌሎቹ ባለሙያዎች አንድ ቤት ሲገቡ ቆመው ይጠይቃሉ፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ ይወጣሉ። እሷ ግን ሰላምታ ከሰጠች በኋላ «እስቲ ትንሽ ልቀመጥ» ትልና ትቀመጣለች። ከተቀመጠች ደግሞ ቶሎ አትነሳም። የቤቱ ሰው መጀመሪያ ይጨነቃል፣ ቀጥሎ ይሰለቻል፣ በመጨረሻ ይረሳታል። እሷም የምትጠብቀው እስኪረሷት ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ኃላፊው ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠራት። በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ የሚቀመጡበት ቀን አይደለም» አላት። «የበያጁን ቤት ልጆች ይዘዋቸው ይምጡ። ሴቷ የልጃገረዶች ማቆያ ትገባለች። ለትንሹ ከከተማ ዳር ያለው ማሳደጊያ ቦታ አለኝ ብሏል።»

«ይለያያሉ ማለት ነው?»

«ለጊዜው ነው።»

«ለጊዜው ብለን ለያይተን መልሰን ያገናኘናቸውን አንድ ሁለት ጥቀስልኝ።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን ማገላበጥ ጀመረ። 

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጆቹ እናት ከሞተች ወዲህ የሚያሳድጋቸው ታናሽ ወንድሟ ነው። ላጤ ነው፤ የሚተዳደረው በብየዳ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዚያ ቤት የልጅ ለቅሶ ይሰማል የሚል ጥቆማ ለቢሮው ደረሰ። አዲሷ ባለሙያ ሄዳ ስታይ ከአልጋው እግር ላይ ገመድ ታስሮ አገኘች። ገመዱ ከመነካካት ብዛት ሳስቷል። ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀው አጎትየው ደንግጦ «ልብስ ማስጫ ነው» አላት። ከወለል አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ልብስ የሚያሰጣ ሰው የት አለ? ልጆቹም ገና ምንም ሳትጠይቃቸው በአንድ አፍ «አጎታችን ጥሩ ሰው ነው፤ አይመታንም» አሏት። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ ሰውነቱን ይወርረዋል።

«እኔም ስሰማው ደንግጫለሁ» አለች ወይዘሮ ልቀመጥ። «ግን በዓይኔ ሳላይ ልጅ ከቤቱ አላወጣም። እስከ ቀትር ስጠኝ።»

«እስከ ቀትር። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ይዤ እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

ግቢው ውስጥ አንድ ረድፍ ቤቶች ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ የጋራ የውኃ ቧንቧ አለ። ከቧንቧው ማዶ ባለው መስኮት አንዲት አሮጊት አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ልቀመጥ ገና ከበሩ እንደገባች ለቅሶውን ሰማችው። ቆም ብላ አዳመጠች። ለቅሶው መሀል ንግግር አለበት።

«ቀስ! ቀስ በል አልኩህ እኮ!»

«ቀስ ብያለሁ። ቀጥ በይልኝ እንጂ።»

«ነቀልከው!»

አንኳኳች። ለቅሶው ቀጥ አለ። የብረቱ በር በግማሽ ተከፈተና ረጅም፣ ቀጭን፣ ክንዱን የእሳት ፍንጣሪ የጠባበሰው ወጣት ብቅ አለ። መታወቂያዋን ስታሳየው ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ይግቡ» አላት።

ሁለቱ ልጆች ከአልጋው ፊት እንደ ወታደር ተሰለፉ። ትልቋ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ለሁሉም ነገር መልስ ስላላት አጎቷ «ጠበቃዬ» ይላታል። ትንሹ ማሙሽ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። የሚወርደውን ንፍጥ በምላሱ እየተቀበለ ይመልሰዋል።

«ጀምር» አለችው ጠበቃ በሹክሹክታ።

«አጎቴ ጥሩ ሰው ነው» አለ ማሙሽ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። «አይመታንም። ማታ ማታ... ማታ ማታ ይመታናል...»

«ይመግበናል!» ብላ ጠበቃ በክርኗ ጎሰመችው።

አጎትየው ዓይኑን ጨፈነ። «አለቀልኝ» አለ።

«ማነው ያስጠናቸው?» አለች ወይዘሮ ልቀመጥ።

«እኔ ነኝ። አንድ የሥራ ጓደኛዬ፣ ላጤ ስለሆንክ አንድ ቀን ከቢሮ ይመጣሉ፤ እንዲህ ካላሉ ይወስዱብሃል ስላለኝ ነው።»

«ጓደኛህን ከእንግዲህ ስለ ብረት ብቻ አማክረው። እስቲ ትንሽ ልቀመጥ።»

ራሱ በበየደው የብረት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ንጹሕ ነው። የልጆቹ ልብስ በብረት መደርደሪያ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ቡታጋዝ አለ፣ በላዩ ሻይ የፈላበት ትንሽ ድስት ተቀምጧል። መስኮቱ ላይ ወፍራም የብረት ፍርግርግ ተበይዷል። ገመዱም ከአልጋው እግር ላይ እንደታሰረ ነው።

ወዲያው ግን ዓይኗ የልጅቷ ራስ ላይ ቀረ። የጠበቃ ጸጉር ግማሹ ተጎንጉኗል፤ ግማሹ ቆሟል።

«ጸጉርሽን ማን ጀምሮልሽ ነው የተወው?»

«ጎረቤት ናት» አለ አጎትየው ፈጠን ብሎ።

«ውሸት!» አለች ጠበቃ። «ጋሼ ነው። ገና አልጨረሰም። በሩ ሲንኳኳ ነው ያቆመው።»

አጎትየው አንገቱን ደፋ። እስከ ጆሮው ቀላ። «የወርክሾፑ ልጆች ከሰሙ አልቆልኛል» አለ። «አሁንም ስም አውጥተውልኛል፤ "ሞግዚት" ነው የሚሉኝ። እናቷ ነበረች የምትሠራላት። ከሞተች በኋላ ጸጉሯ ተንጨባርሮ ትምህርት ቤት ስትሄድ ልጆቹ ሳቁባት። ላስላጫት ብል ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ምን ላድርግ?»

«ታዲያ ምን ላይ ተለማመድክ?»

 ማሙሽ ወደ አልጋው እግር ጠቆመ። «ገመዱ ላይ። ጋሼ መሬት ቁጭ ብሎ ይጎነጉነዋል፣ ከዚያ ይፈታዋል። ከዚያ ይናደዳል።»

ወይዘሮ ልቀመጥ ጎንበስ ብላ ገመዱን አየችው። ሦስት ዘለላ ነው። ከላይ የተጎነጎነው ጠማማ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን እየተስተካከለ ሄዷል። ሳቋ መጣ፤ አልከለከለችውም።

«ይኼንን ለባልደረባዬ ብትነግራት ምን ነበረበት? ልጆቹን የምታስርበት መስሏት እንቅልፍ አጥታለች!»

«ላስራቸው?» አለ በድንጋጤ። «እኔ? እነሱን?» 

«በል ጨርስላት። ስትፈታ ከጫፍ ጀምር፤ ከሥር ስትጀምር ነው የሚያማት። ውኃም አስነካው።»

አጎትየው ከልጅቷ ኋላ ተንበርክኮ እጁን አራሰ። ጠበቃ ሁለት ጊዜ ብቻ «ዋይ!» አለች፤ አንዱ ለማስመሰል ነበር። ማሙሽ ዳቦውን በሻይ እየነከረ በላ። ወይዘሮ ልቀመጥ ከበርጩማው ሳትነሳ ግድግዳውን ተደገፈች። ቀስ በቀስ ረሷት። ልጆቹ በአንድ ካልሲ ተጣሉ። ማሙሽ የአጎቱ ጀርባ ላይ ወጣ፤ አጎትየው ሳያወርደው የልጅቷን ጸጉር መጎንጎን ቀጠለ። እጁን ባነሳ ቁጥር ደንግጦ ራሱን የሚከልል ልጅ በዚህ ቤት የለም። እሷም ይህን ካየች በኋላ ልቧ ዐረፈ።

አጎትየው ጸጉሩን ሲጨርስ ሰዓቱን አየና ዘለለ። የሥራ ልብሱን ደረበ፤ ልጆቹን ግንባራቸውን ሳመ፤ ከሚስማር ላይ አንድ ትልቅ ጓጉንቸር አወረደና ወደ በሩ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ነው እንግዳ መኖሩ ትዝ ያለው። ባለበት ደርቆ ቀረ።

ወይዘሮ ልቀመጥ ተነሳች። በሩን ገፋ አድርጋ በውጭ በኩል ያለውን አየች። በቅርቡ የተበየደ፣ ገና ቀለም ያልነካው መቀርቀሪያ ነው።

«ከውጭ ትቆልፍባቸዋለህ?»

«እስከ ምሳ ድረስ ነው። እሷ የከሰዓት ተማሪ ናት። በምሳ ሰዓት መጥቼ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ፤ እሱን ወርክሾፕ እወስደዋለሁ።»

«ጠዋቱን ሙሉ ግን ተቆልፎባቸው ነው የሚውሉት።»

«ክፍት ትቼ አይቻለሁ እኮ!» ድምፁ ከፍ አለ። «ማሙሽ ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ፣ የቆመ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነው የተገኘው። ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ጎንበስ ባይል ኖሮ... በማግሥቱ መቀርቀሪያውን በየድኩ። መስኮቱንም አጠርኩ። አሁን ማንም አይገባባቸውም። ማንም!»

«ልክ ነህ፤ ማንም አይገባም። አንተ ቀኑን ሙሉ ከእሳት ጋር የምትውል ሰው ነህ። ያ ቡታጋዝ ቢያያዝ በየት በኩል ነው የሚወጡት?»

አጎትየው ወደ ቡታጋዙ አየ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየ። ፍርግርጉን የበየደው እሱ ነው፤ ጥንካሬውን ከማንም በላይ ያውቃል።

«እንዲህ ያለ በር ፊት ቆሜ አውቃለሁ» አለች። «ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው የደረስኩት። የቀረውን አልነግርህም።»

ስልኳ ጮኸ። ኃላፊው ነው።

«እትዬ፣ ገመዱስ?»

«ጸጉር መለማመጃ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ልጅቷን ጸጉር ለመሥራት የተለማመደበት ነው። እሱን ተወው። ሌላ ነገር ግን አግኝቻለሁ፤ ከውጭ ይቆልፍባቸዋል።»

አጎትየው ክው አለ። ጠበቃ ሮጣ መጥታ እግሩን አቀፈች።

«እንዲያውም ይባስ ብሎ!» አለ ኃላፊው። «ይዘዋቸው ይውጡ እንጂ ምን ይጠብቃሉ?»

«ቀትር አልደረሰም። ቁልፉን አስነሥቼ፣ ጠዋት አብሯቸው የሚሆን ሰው ካላገኘሁ እኔው ራሴ አመጣቸዋለሁ።»

«አንድ ነገር ቢፈጠርስ?»

«በእኔ አንገት። ስሜን ጽፌ እፈርማለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ አጎትየው ዞረች። «ሰምተሃል። መቀርቀሪያው ይቆረጣል። የመስኮቱም ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሆናል። ይኼ ለአንተ ቀላል ነው። ዋናው ጥያቄ ጠዋት ማን አብሯቸው ይሆናል የሚለው ነው።»

«ማንም የለኝም። እህቴ ነበረች ያለችኝ።»

«በዚህ ግቢ ውስጥስ?»

«ሁሉም ሥራ ይሄዳል። ቤት የሚውሉት እማማ መስኮት ብቻ ናቸው።» በግንባሩ ወደ አሮጊቷ ቤት አመለከተ። «እሳቸውን ከምለምን ግን ሞቼ እገኛለሁ። የጠቆሙብኝ እሳቸው ናቸው።»

«ማን እንደጠቆመ አልነግርህም።»

«እኔም አልጠየቅኩዎትም። አውቃለሁ።»

«አንተ የምታውቀውን እኔ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። የጠቆመው ማንም ይሁን ማን፣ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሰምቶ ዝም ማለት ያልቻለ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሌላ ሰው ካለህ አምጣልኝና ልጆቹን ለእሱ እንስጠው።»

«ጎረቤቴ ሆነው፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ ለቢሮ...»

«ብትጠየቅ ምን ትል ነበር? ልብስ ማስጫ ነው?»

አጎትየው ጓጉንቸሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዘዋውር ጀመር። ጠበቃ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ከማሙሽ ጋር ልንለያይ ነው?»

ጓጉንቸሩን አልጋው ላይ ወረወረና ወጣ። ግቢውን በረጅም እርምጃ አቋረጠ። ወይዘሮ ልቀመጥ ከደጃፉ ሆና ተመለከተች። ልትረዳው አልተንቀሳቀሰችም፤ ይህን በር እሱ ራሱ ማንኳኳት አለበት።

«መስኮት ላይ ሆኜ እያየሁህ በር ምን ያስደበድብሃል?» አሉ አሮጊቷ። «ልትሳደብ ነው የመጣኸው? በል ተሳደብ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ልሳደብ አስቤ ነበር።»

«እና?»

«እማማ፣ ልጅቷ የምታለቅሰው ጸጉሯን ስሠራት ነው።»

አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ። የተሠነጣጠቁ ጣቶቹን፣ ከዚያ ፊቱን አዩ። «በዚህ መዳፍ? እንኳን ሕፃን ልጅ በሬም ያለቅሳል!»

«ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም።» ወደ ቤቱ ደጃፍ ዞር ብሎ አየ። «ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ይዩልኝ። ሰው ካላገኘሁ ዛሬውኑ ሊወስዷቸው ነው። ለየብቻ።»

አሮጊቷ ሳቃቸውን አቆሙ። ለአፍታ ከመስኮቱ ጠፉ። ቀጥሎ በራቸው ተከፈተና ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ።

«እኔ ሮጬ አልይዝም» አሉ። «ትንሹ መንገድ ከወጣ የምችለው መጮህ ነው።»

«የግቢውን በር ከውስጥ የሚዘጋ አደርገዋለሁ። እሱ አይደርስበትም፤ እርስዎ ይደርሱበታል።»

«ቡታጋዙም እኔ ሳለሁ አይለኮስም።»

«እሺ።»

«ጸጉሯንም እኔ ነኝ የምሠራው።»

አጎትየው አመነታ። «እሱን እኔ ልሥራው፣ እማማ» አለ። «አሁን ለምጄዋለሁ።»

«ግትር ነህ» አሉ አሮጊቷ፤ በዚህ ቅር ያላቸው ግን አይመስሉም።

አጎትየው ከወርክሾፑ የብረት መቁረጫና መበየጃ ይዞ ተመለሰ። ፍንጣሪው ደጃፉ ላይ ሲረግፍ ልጆቹ ከአሮጊቷ ጀርባ ተሸጉጠው ጆሯቸውን በጣታቸው ደፈኑ። መቀርቀሪያው ወደቀ። የመስኮቱን ፍርግርግ ዙሪያውን ቆረጠና በአንድ ጎኑ ማጠፊያ፣ በሌላው ጎኑ ከውስጥ የሚከፈት መቀርቀሪያ በየደለት። ወይዘሮ ልቀመጥ ጠበቃን ከውስጥ ሆና እንድትከፍተው አደረገቻት፤ ደግማ አስከፈተቻት፤ በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና እንድትከፍት አዘዘቻት። ልጅቷ ሳትቸገር ከፈተችው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ፖሊሱ መኪና ውስጥ ነው፤ ልንነሳ ነው» አለ ኃላፊው።

«ይውረድ። አንተ ግን ና፤ ራስህ አይተህ ፍረድ። ነገም ከነገ ወዲያም እኔ እዚህ ነኝ፣ ሳልናገር ነው የምመጣው። አንድ ቀን ያ በር ተቆልፎ ካገኘሁት ልጆቹን እኔው ራሴ አወጣቸዋለሁ። ይህንንም ለአጎታቸው ነግሬዋለሁ።»

«አሁን ልጆቹ የት ናቸው?»

ወደ ኋላዋ ዞር አለች። አሮጊቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የማሙሽን አፍንጫ ሊጠርጉ ይታገላሉ። ጠበቃ ደብተሯን ትፈልጋለች፤ አጎቷ ትምህርት ቤት ሊያደርሳት እጁን እየታጠበ ነው።

«ቤታቸው» አለች።