አንድ ስልክ፣ አንድ ቤተሰብ

ምንዋጋው ሥራ ወደ ማሽኖቹ ከመላኩ በፊት ማማተብ ልማዱ ነው። የቢሮው ወጣቶች «ጋሼ ምንዋጋው ኮምፒዩተሩን ሊያጠምቁት ነው» እያሉ ይሥቁበታል። ሰቆጣ ወዳለው የእርዳታ ድርጅት ሲገባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ፋይል ታቅፎ ከክፍል ክፍል የሚዞር። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ባለሙያ ረስቶት የሄደውን መጽሐፍ አንሥቶ፣ ያልገባውን አሥር ጊዜ እየደጋገመ፣ በጥቁሩ የኮምፒዩተር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ተማረ። ዛሬ የዋግ ኽምራ የእርዳታ መዝገብ የሚያልፈው በእሱ ጣት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የየወረዳው የስም ዝርዝር ከአሥር ዓመት የሳተላይት ምስል ጋር ይመሳከርና የትኛው ቀበሌ ምን ያህል እንደተጎዳ ይወጣል። ይህን የቢሮው ኮምፒዩተር ልሥራው ቢል ወር አይበቃውም። ስለዚህ ምንዋጋው ትእዛዙን በአንድ ረጅም መስመር ጽፎ፣ ባሕር ማዶ ተደርድረው ለሚሠሩት፣ ክላስተር ለሚሏቸው ማሽኖች ይልከዋል። እነሱም የሥራ ቁጥር ይሰጡታል፤ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ሥራው እዚያው ይቀጥላል። ምንዋጋው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህንን ነበር።

በዚህ ዙር አንድ ነገር ጨምሯል። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው የቢሮው ኃላፊ ሰላማዊት፣ «ጋሼ፣ ባለፈው አንዱ ሰውዬ አራት ቦታ ተመዝግቦ ቢገኝ መድረሻ አሳጡኝ። ድርብ ስም እንዳይኖር አደራ» ብላው ነበር። እሱም ሁለት ሌሊት አስቦ አንድ ደንብ ጻፈ፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ቤተሰብ። ያው የስልክ ቁጥር ተደጋግሞ ከተገኘ መጀመሪያ የተመዘገበው ይቀራል፣ ሌላው ይሰረዛል። በሰቆጣ ከተማ ዝርዝር ላይ ሲሞክረው አሥራ አንድ አጭበርባሪ ያዘለት። ሰላማዊት «እጅዎ ይባረክ!» አለችው፤ እሱም ደስ አለው።

ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አማተበና ላከው። አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል ብሎ ገመተ። ሲያልቅ ዝርዝሩ በቀጥታ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ መኪኖቹም በዚያው መሠረት ይደለደላሉ፤ በየተመዘገበው ስልክም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መልእክት ይላካል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። ግድ አልሰጠውም።

ስድስት ሰዓት አልፎ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው። በእጇ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ደብሬ እባላለሁ። ከሰሃላ ነው የመጣሁ» አለች፤ አማርኛዋ ላይ የአገሯ ቋንቋ ኽምጣንጋው ይሰማል። «አንተ ነህ የስሙ ሰው?»

«እኔ ነኝ እናቴ። ይቀመጡ።»

«መቀመጡ ይቆየኝ።» ጨርቁን ፈታች። ጠርዙ የተላላጠ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ከሥሩም ጠጠር ተቋጥሯል። «እየኝ፣ ይኼ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኛ ተረሳን? ባለፈው በዚህ ጊዜ ጮኾ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ኑና ውሰዱ የሚለው መልእክት ነዋ! ማንበብ አላውቅም። ከሰፈራችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ፣ በጮኸ ቁጥር አንድ ጠጠር አኖራለሁ። ባለፈው ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ጠጠር ሞላ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ደረሰው ብዬ ወደ ታች ተጣራሁ። ዘንድሮ ዝም አለ። ሰዉ ጧት ማታ ፊቴን ያያል።»

የምንዋጋው እጅ ከቁልፎቹ ላይ ተነሣ።

«ሁሉም የተመዘገበው በዚህ ስልክ ነው?»

«በማን ይመዝገብ? ጸሐፊዎቹ ስልክ የሌለውን ቅጹ አይቀበልም አሉ። ያለኝ እኔ። መጀመሪያ እኔ ተጻፍኩ፣ ከዚያ ሁሉም የእኔን ሰጠ። የሁላችን ነው።»

ቁጥሯን ተቀብሎ ኮምፒዩተሩ ላይ ከቀረው የዝርዝሩ ቅጂ ውስጥ ፈለገ። ያው ቁጥር፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ቤተሰብ። ደንቡን ሲጽፍ እግዜርን ለምኗል፤ ከሰሃላ የመጣ አንድ ሰው ግን አልጠየቀም።

ነገሩን ሲነግራት ሰላማዊት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «በቃ ያጥፉት! ኮምፒዩተሩን ይንቀሉት!»

«ይኼን ብነቅለው እነዚያ ምን ገዷቸው?» አለ። «እነሱ ይሠራሉ። ማስቆሚያው ሌላ ትእዛዝ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ኔትወርክ የለም።»

ከከተማው በላይ ባለው ዳገት አንዳንዴ የስልክ ጥሪ ይሠራል። ደብተሩን ይዞ ወጣ፤ ደብሬም ተከተለችው፤ ግማሽ መንገድ ላይ አልፋው ሄደች። አናቱ ላይ ሲደርሱ የእሱ ስልክ ኔትወርክ አልያዘም። የእሷ አንዲት ጭረት አሳየ።

ባሕር ዳር ላለው የማሽን ባለሙያ ለዓለምነህ በእሷ ስልክ ደወለ፤ ሦስተኛው ላይ ገባ።

«ዓለምነህ፣ የጧቱን ሥራ አቁምልኝ! ቁጥሩን ጻፍ።» ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበትን ረጅም ቁጥር እየጮኸ አነበበ። ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ጋሼ፣ አልቋል እኮ» አለ ዓለምነህ።

«እንዴት ያልቃል? ገና ስምንት ሰዓት አልሆነም!»

«ፈጠነ። ስሙ ቀንሷል መሰለኝ፣ ቶሎ ነው የጨረሰው። ዝርዝሩ ተፈርሞ ወጥቷል።»

«መኪኖቹን ያዝልኝ። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ቤተሰብ ነው የሰረዝኩት!»

«እኔን ማን ይሰማኛል ጋሼ? ለማሳወቁ አሳውቃለሁ። ግን ያውቁታል፤ ከተፈረመ በኋላ ለቀጣዩ ዙር ነው የሚሉኝ። ከፋሲካ በኋላ።»

ጥር ገና አላለቀም።

ስልኩን መለሰላት። ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያስብ፣ ስልኩ መዳፏ ላይ ጮኸ።

የደብሬ ፊት በራ። «ደረሰ!» አለችና ቁጢጥ ብላ አንድ ጠጠር ከድንጋዩ ላይ አኖረች። ሁለተኛውን በሁለት ጣቷ ይዛ ጠበቀች። ነፋሱ ነጠላዋን ያርገበግበዋል። ምንዋጋው ቆሞ ያያታል። ጠጠሩን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች፤ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፤ ደግሞ ከፍ አድርጋ ወደ ሰማይ ያዘችው።

«ሌላ አይመጣም እናቴ» አላት።

«ይመጣል። አንዳንዴ ይዘገያል።»

«አይመጣም። አንድ ስልክ ለአንድ ቤተሰብ ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ቀና ብላ አየችው። «ለምን እኔ?»

«መጀመሪያ ስለተመዘገቡ።»

በጣቷ የያዘችውን ጠጠር ወደ ቋጠሮው መለሰች። «ደብሬ ስማችንን በላችው ይሉኛል» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ። «ይኼን አንድ ጠጠር ይዤ በየት በኩል እገባለሁ?»

ምንዋጋው ደብተሩን ከደነ። ደንቡን ማረም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲመለስም ይደርሳል። እስከ ፋሲካ የሚደርሰው ማን እንደሆነ ግን እግዜር ይወቅ።

«አብሬዎት እሄዳለሁ» አለ። «ጉብታው ላይ ወጥቼ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ይወግሩሃል።»

«ይውገሩኝ።»

ዝቅ ብላ የቢሮ ጫማውን አየች። «ሁለት ቀን ነው መንገዱ። በዚያ?»

«በዚህ።»

ደብሬ ከድንጋዩ ላይ ያኖረችውን ጠጠር አነሣች። ከሌሎቹ ጋር መልሳ ቋጠረችውና ስልኩን ከላይ ጠቀለለችበት።

«እንግዲያው ና» አለች፤ «ሳይመሽ ወንዙን እንሻገር።»