ያለፉ ታካሚዎች ብዛት

መምህሩ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ቀዩ እስክሪብቶ ግን ከኮቱ ኪስ አልወጣም። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ፣ የአውቶቡስ መስታወት ላይ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ስህተት ባየ ቁጥር እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ታናሽ ወንድሙ ቁልፍ ሠሪው፣ «ጋሼን ገነት በር ላይ እንኳ ብታቆሙት ጽሑፉን ሳያርም አይገባም» እያለ ይቀልድበታል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው ነው በአንዲት ቃል የወደቀው።

ቁልፍ ሠሪው ደረቱን ማመም ከጀመረው ሰንብቷል። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ይቆምና የሆነ ነገር የረሳ ይመስል ኪሱን ይዳብሳል፤ ትንፋሹ እስኪመለስለት ነው። ሚስቱ ነቃችበትና እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። ልቡን የሚመግቡት የደም ሥሮች ጨርሰው ሊዘጉ ምንም አልቀራቸውም፤ ልቡ ራሱ ደክሟል፤ ኩላሊቱም ደህና አይደለም። «የሰው በር ስከፍት ኖሬ የራሴ ተቆለፈብኝ» አለ፣ ለሐኪሞቹም ለአስታማሚዎቹም። መፍትሔው በእጅ አንጓው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የጠበበውን መክፈት ነው ተባለ። ማን ይክፈተው የሚለው ምርጫ ለቤተሰቡ ተተወ።

በዚያው ሰሞን ሆስፒታሉ ሕዝብ የማወቅ መብት አለው ብሎ በልብ ክፍሉ መጠበቂያ አዳራሽ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሎ ነበር። የሐኪሞቹ ስም የለበትም፣ የክፍላቸው ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ከአናቱ «የልብ ሕክምና ውጤት» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ያለፉ ታካሚዎች ብዛት»። ክፍል ሦስት፣ ዘጠኝ። ክፍል አራት፣ ሁለት። ክፍል አምስት፣ ዜሮ። ከስንት ሰው፣ ምን ያህል ከታመመ ሰው የሚል ነገር የለም። ሰሌዳው በጣም ያማረ ነበር።

መምህሩ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ዕድሜ ልኩን ያለፈና የወደቀ ሲለይ የኖረ ሰው፣ ከላይ «ውጤት» ከታች «ያለፉ» የሚል ካየ ሌላ ምን ያስብ?

«ዘጠኝ ሰው ያሳለፈው ክፍል ይሻላል» አላት ለወንድሙ ሚስት። «ይሄ አምስት ቁጥር ግን ምን ሊሠራ ይቀመጣል? አንድ ሰው እንኳ አላሳለፈም እኮ።»

«ዘጠኝስ አያንስም፣ ጋሼ?»

«የልብ ነገር ነው። ከባድ ፈተና ላይ የሚያልፈው ሁልጊዜም ጥቂት ነው።»

እሷም የተማረው እሱ ነው ብላ ተቀበለችው። ክፍል አምስት በር ላይ ሰው ተሰልፎ ተሰልፎ ደረጃው ድረስ መድረሱን መምህሩ አይቷል። ሕዝቡ ማንበብ አይወድም ብሎ አዘነና ወንድሙን ክፍል ሦስት አስመዘገበው።

ቀጠሮው ሲደርስ ቁልፍ ሠሪው የሆስፒታል ጋውን ለብሶ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተደርጎለት ተራውን ይጠብቅ ጀመር። መምህሩ ግን ቁጭ ማለት አቃተው። እሳት ላይ የተጣደ ይመስል በወንበሮቹ መካከል ይመላለሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ተመልሶ ውሃ ይጠጣል። ሰሌዳው ሥር አንድ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ አገኘ። ጭንቀቱን በጨዋታ ሊገፋው ፈለገ።

«እኔ ወንድሜን ለዘጠኟ ነው የሰጠሁት» አለው አፉን ሞልቶ።

ልብስ ሰፊው ዞሮ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ለዘጠኟ?»

«ታዲያ ዜሮ ላለው ማን ይሰጣል?»

«አባባ፣» አለ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያለፉ ማለት እኮ የሞቱ ማለት ነው። ሞቱ ብሎ መስቀል ስለሚከብድ ነው እንጂ።»

መምህሩ ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። ፊደሎቹ ያው ናቸው። እሱ ራሱ ስንቱን ሐዘንተኛ «መቼ አለፉ?» እያለ ጠይቋል። ቃሉ ጠፍቶት አልነበረም፤ ያሰበው ግን የሚያውቀውን ክፍል፣ የሚያውቀውን ፈተና ነው። የልብስ ሰፊውን ትከሻ ያዘ። ዘጠኝ ሰው። ወንድሙን በገዛ እጁ ወስዶ አሥረኛ ሊያደርገው ነው።

ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የአምስት ቁጥርን ሰልፍ ጥሶ ገባ። ሰው ቢንጫጫም ዞር አላለም። የአምስት ቁጥሩ ሐኪም ጨዋ ሰው ነበር፤ አልተቆጣም። የቁልፍ ሠሪውን የልብ ፊልም ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተና አገላብጦ አየው።

«ለወንድምዎ መድኃኒቱን መቀጠል ነው የሚሻለው» አለ።

«መድኃኒቱ ይከፍተዋል?»

«አይከፍተውም።»

«እርስዎስ ይከፍቱታል?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ በጋውኑ ጫፍ ጠረገ። «አልዋሽዎትም፣ አባባ። ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ እንዲህ ያለ ልብ አልነካም። ያቺ ዜሮ አንድ ብትሆን ውጭ ያለው ሰልፍ ነገ አይኖርም።»

«እና እርስዎ የማይነኳቸው ሰዎች የት ይሄዳሉ?»

ሐኪሙ በአገጩ ብቻ ወደ ግድግዳው ጠቆመ፤ ከግድግዳው ማዶ ክፍል ሦስት ነው።

ክፍል ሦስት በር ላይ ሰልፍ የለም። ሐኪሟ ደቃቃ ሴት ናት፤ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ስትታጠብ ደረሰ። የመጣው ሊጣላ ነበር።

«ዘጠኝ ነው?» ብቻ አለ።

«ዘጠኝ ነው።» ውሃውን ዘጋችው። «ሁሉንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ።»

«ከስንት?»

«እሱን ሰሌዳው አልጠየቀኝም።» እጇን እያደረቀች ዞረችለት። «ይስሙኝ፣ ጋሼ። ወንድምዎ ከገባ ላይወጣ ይችላል። ካልገባ ደግሞ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ነው፤ የሚጠብቀውም ረጅም ጊዜ አይደለም። የኔ ወንድም ቢሆን አስገባው ነበር። እናንተ ተዉት ካላችሁኝ ግን አልቀየምም።»

መምህሩ እግሩን እየጎተተ ወንድሙና ሚስቱ ወዳሉበት ተመለሰ። ያኔ ሊደብቃቸው ይችል ነበር፤ ሐሳቡም አልመጣበትም አይባልም። ግን ሁሉንም ነገራቸው፦ ቃሉን፣ ዘጠኙን፣ የዜሮውን እምቢታ፣ የሐኪሟን መልስ። ሚስትየው ፊቷ አመድ መሰለ። ቁልፍ ሠሪው ግን መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ደረቱን ወጋውና በእጁ ያዘው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ አንዲት ቃል ትጣልህ?»

«ተው አትሳቅ፣ ያምሃል። እንውጣ፣ ሌላ ሆስፒታል እንፈልግ።»

«የት?» አለ ቁልፍ ሠሪው፤ አሁን አልሳቀም። «እኔ ይሄን ሥራ አውቀዋለሁ። ቀላሉን ቁልፍ ሁሉም ይከፍታል። የዛገው ሲመጣ ግን ከሥራ ባልደረቦቼ ግማሹ ዕቃ አልያዝኩም ይልሃል፣ ሰበረው እንዳይባል። እኔ ሰብሬም አውቃለሁ። ግን ሰው ውጭ አላሳደርኩም።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሚስቱ የጋውኑን ክር አስተካከለችለት። «ደረጃ ላይ ቆመህ ኪስህን ስትዳብስ ማየት ሰልችቶኛል» አለች። «ግባ።»

ገባ። አልጋው እየተገፋ ሲሄድ ለወንድሙ በጣቱ ቁልፍ የማዞር ምልክት አሳየውና በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ መምህሩን የሚይዘው ጠፋ። ኮሪደሩን አለፈ፣ ተመለሰ፣ አለፈ። አንድ ሐሳብ ይመጣበታል፣ ሳይጨርሰው ሌላው ይገፋዋል። ዜሮ ያለውን መጀመሪያ ብመርጥስ ኖሮ? ያኔም እምቢ ይለን ነበር። ታዲያ ይህን እያወቅሁ ለምንድን ነው ራሴን የምወቅሰው? ሚስትየው «ተቀመጥ ጋሼ፣ አዞርከኝ» ስትለው ቁጣውን የሚያራግፍበት ቦታ ፍለጋ ወጣ፤ የጥራት ክፍል የሚል በርም አገኘ። ውስጥ የተቀመጠችው ኃላፊ ገና ሰላም ሳትለው ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ።

«ሰሌዳችሁ ስህተት ነው። ከሞቱ ሞቱ በሉ፤ ሰው በቃል አይጫወትበትም። ደግሞ ከስንት እንደሆነ ይጻፍ። ምን ያህል የታመመውን እንደተቀበሉ ይጻፍ። ስንቱን እንደመለሱም ይጻፍ።»

ኃላፊዋ በትሕትና ሰማችው። «ቃሉን እናስተካክለዋለን። ሌላውን ግን ሰሌዳው ላይ ቦታ አይበቃውም።»

ኮሪደሩ ጋ ሲመለስ ሚስትየው ቆማለች። በሩ ተከፍቶ ሐኪሟ ወጣች። ቆቧን አውልቃ በእጇ ጨምድዳዋለች። መምህሩ በዚያች አፍታ ውስጥ ሊሰማ የሚችላቸውን ቃላት ሁሉ አዘጋጀ፤ አልተሳካም፣ አረፈ፣ አለፈ። ሐኪሟ ከእነዚያ አንዱንም አላለችም።

«ሞተብኝ» አለች።

ሚስትየው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሐኪሟም አብራት ቁጭ አለች፤ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ሰው በሚመላለስበት። ሁለቱን የደም ሥሮች ከፍታ ነበር፤ ሦስተኛውን እየከፈተች ሳለ ልቡ ቆመ፤ ብዙ ታገለች፣ አልተመለሰም። ይህን ሁሉ ምንም ሳትሸፍን ነገረቻቸው። መምህሩ ግን ከመጀመሪያዋ ቃል አልወጣም። ሞተ ብትል ወሬ ነው፤ ሞተብኝ አለች። ዕድሜውን ሁሉ ሰዋስው ሲያስተምር ያቺ «ብኝ» እንዲህ ከብዳ አታውቅም። አለቀሰ፣ ኮሪደሩ መሃል ቆሞ፣ ድምፁን አውጥቶ።

ከቀብሩ በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆነለትም። መጽሐፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የወንድሙ ሱቅ ይሄዳል፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ቁልፎች አይቶ ይመለሳል። በማንም አልተቀየመም፣ ግን የሆነ ቦታ አንድ ነገር ሳያርም የተወ ይመስለዋል። አንድ ቀን እግሩ ወደ ሆስፒታሉ ወሰደው።

ሰሌዳው ታርሟል። በደማቅ ፊደል «የሞቱ ታካሚዎች ብዛት» ይላል። ክፍል አራት፣ ሁለት። ክፍል አምስት፣ ዜሮ። ክፍል ሦስት፣ አሥር። አሁን ማንም አይሳሳትም። የአምስት ቁጥር ሰልፍ ደረጃውን አልፎ ግቢው ውስጥ ገብቷል፤ ክፍል ሦስት በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶውን ነው። መምህሩ ይህን ያደረገው የእሱ ቀይ እስክሪብቶ መሆኑ ገባው።

ሰሌዳው ሥር አንዲት ሴትዮ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ቆመዋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ነው። ልጅቱ ቁጥሩን እያየች ቦርሳዋን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች።

«አምስት ቁጥር ምን አላችሁ?» አላት መምህሩ።

ልጅቱ ከየት መጣ ብላ አየችው። «መድኃኒቱን ቀጥሉ አለን። አራት ቁጥርም እንደዚያው። የቀረችው ይቺ ናት፣» ወደ ሰሌዳው ጠቆመች፣ «ይቺ ደግሞ አሥር ሰው ሞቶባታል። እናቴን ቤት ልወስዳት ነው።»

«አሥረኛው ወንድሜ ነው» አለ መምህሩ።

ልጅቱ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ አባባ። አላወቅኩም።»

«እሱንም አምስት ቁጥር መልሶት ነበር። እሷ ግን ተቀበለችው። ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አነጋግሯት። እውነቱን ትነግራችኋለች። ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ።»

መልስ አልጠበቀም። ሄደና ባዶው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ቢያንስ ባዶ እንዳይሆን። ጥቂት ቆይቶ የሴትዮዋን ዘገምተኛ እርምጃ ሰማ፤ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣» አለች፣ «ምን ልርዳዎት?»

«እኔ አይደለሁም» አለ መምህሩና ለሴትዮዋ ክንዱን ሰጥቶ አስነሳቸው። «ታካሚዋ እሳቸው ናቸው።»