ሶፊ ማሽላ ላይ የተሰቀለው ድምፅ

ዐብዱኑር ጀጎል ውስጥ ያለችውን፣ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ደጅ የሚቆምባትን የቀረጻ ቤቱን “ስቱዲዮ” ይላታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ “አንበሳው” ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። የግማሽ ሐረር ሠርግና የዚክሪ ምስጋና ዜማ ሆዱ ውስጥ ነበር፤ ዐብዱኑር ሲያወራ ግን የምሥራቁ አገር በሙሉ።

ከአዲሱ ከተማ እየመጣ የሚጠግንለት ኪሩቤል ሁሌ ይለምነዋል።

“ጋሼ፣ የሠራው ኩባንያ ኤክስፒን ማደስ ካቆመ ሦስት ዓመት አለፈው። ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍን የለም። ቢያንስ ኢንተርኔት አያስነኩት።”

“ኧረ አቦ! የጀጎል ግንብ ስንት መቶ ዓመት ቆሟል?”

“ግንቡማ የጅብ መግቢያ አለው። የእኛን ጅብ ስለምናውቀው ነው እንጂ፤ የኢንተርኔቱን ጅብ ማን ያውቀዋል?”

በጥቅምት 2010፣ ሠርጓ አራት ቀን ሲቀረው ሰዐዲያ መጣች። የሟች እናቷ የሐሊማ ዚክሪ ሠርጉ ላይ እንዲሰማ ትፈልጋለች፤ ሐሊማን የቀዳት ዐብዱኑር ብቻ ነው።

“ሐሊማ ከጎንሽ የተቀመጠች እስኪመስልሽ አጠራዋለሁ! ነገ ነይ” ብሎ ፎከረ። ማምሻውን የድምፅ ማጥሪያ ሊያወርድ አንበሳውን ከኢንተርኔት አገናኘው።

ማጥሪያው ገና ሳይወርድ ስክሪኑ ቀላ። ፋይሎችህ ተቆልፈዋል፣ ክፈል ይላል። ኪሩቤል በጠዋት መጥቶ ሲታገል ቆየና ገመዱን ነቀለው።

“ቢከፍሉም ሌቦቹ ፋይሉን መመለሳቸው አይታመንም፣ ጋሼ።”

ሰዐዲያ በር ላይ ቆማለች። ዐብዱኑር ምላሱ ላይ መቶ ውሸት ነበረው፤ አንዱም አልወጣም።

“የእናትሽን ድምፅ አጠፋሁት። ይህ ልጅ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።”

ሰዐዲያ፣ “እርስዎ እናቴን የቀዱ ጊዜ ለመንገደኛው ሁሉ ሲዲ ሲያድሉ አልነበረም እንዴ?” አለችው።

እውነቷን ነው። “ሐረር እንዲህ ያለ ቀረጻ ሰምታ አታውቅም” እያለ ሃምሳ ሰው በግድ አስታቅፎ ነበር። ሲደውል ዋለ። አንዱ ጠፋብኝ፣ ሌላው ልጆች ሰበሩት ይላል። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ሶፊ ጫት የሚያመጣለት ገበሬው ሙሜ ስልኩን አነሣ።

“ያ ሲዲ? ከሳምንት በፊት ማሽላዬ ላይ ሰቀልኩት። አቦ፣ ሥራህ ጉድ ነው! አንዲት ወፍ አያስጠጋም!”

ሦስቱም በባጃጅ ከንፈው ወደ ሶፊ ሄዱ። ሲዲው በክር ተንጠልጥሎ ያብረቀርቃል። ሲመለሱ የዐብዱኑር እጅ በልማድ ወደ አንበሳው ሄደ።

“እሱ ውስጥ አይሆንም!” ብሎ ኪሩቤል የራሱን ላፕቶፕ ከፈተ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዜማዎች ተጭረው ተቆራረጡ። በሦስተኛው ላይ ሐሊማ ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች። ሰዐዲያ በሻርፗ ጫፍ አፏን ያዘች።

“ሦስት ቦታ ቅዳልኝ” አለ ዐብዱኑር ቀስ ብሎ። “ለእሷ፣ ለእኔ፣ ሦስተኛው ለሙሜ። የጠበቀው እሱ ነው።”

ቅዳሜ ሠርጉ ላይ ግን ወሬው በዐብዱኑር አፍ አድጎ ነበር። ሲዲዎቹ ሺህ ሆነዋል፤ ሶፊ ማሽላ ላይ የሰቀላቸውም ዐብዱኑር ራሱ፣ “ለጥንቃቄ” ነው። ሰዐዲያ ከሙሽራ ወንበሯ ሰማችው። ሳቀች እንጂ አላረመችውም።