ውሃ ማቀዝቀዣው

ኮምፒውተር ጠጋኙ ሚስቱን መመቅኘት የጀመረው በአንድ ደንበኛ ቃል ነው። ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ አቧራውን በብሩሽ ሲጠርግ፣ ሰውየው ትኩር ብሎ አየውና «የካርቱን ፊልም ሠሪዋ ባል አንተ ነህ እንዴ?» አለው። ጠጋኙ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ማውስ አያያዝ ሳይቀር ያስተማራት እሱ ነበር። አሁን መዋኘት ስለምትፈራ ዳክዬ የሕፃናት ፊልም እየሠራች ነው። አንድ ድርጅት ናሙናውን አይቶ ስለወደደላት፣ ሙሉውን እስከ ወሩ መጨረሻ እንድታስረክብ ቀጥሯታል። ያስቸገራት ሙቀት ብቻ ነበር። ሥዕሎቹን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ሥራ ሲበዛበት እንደ ካውያ ይግላል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኽና ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል።

«በውሃ እናቀዝቅዘው» አላት አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«ውሃና ኤሌክትሪክ? አብደሃል?»

«ውሃው ካርዱን መች ይነካዋል! በቱቦ ነው የሚዞረው። ካርዱ ላይ ከሚታሰረው መዳብ ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ራዲያተሩ ጋ ይበርዳል፣ ፓምፑ መልሶ ይገፋዋል። ልክ እንደ መኪና።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሰሞኑን እንዲህ አቅፋው አታውቅም፤ አንጀቱን አራሰችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አነጠፉ። እጁ የተባረከ ነው፤ ማራገቢያውን ፈታ፣ ቺፑን በአልኮል ወለወለ፣ ቅባት ቀብቶ መዳቡን አሰረ። እሷ ብሎን እያቀበለች ትቀልድበታለች። እስከዚህ ድረስ ክፉ ነገር በልቡ አልነበረም።

ስልኳ ጠራ። የድርጅቱ ሰዎች ነበሩ። በረንዳ ወጥታ ስታወራ ድምፅዋ ይሰማል።

«አያሳስባችሁ፤ አንድ ሰው እያስተካከለልኝ ነው» አለች።

አንድ ሰው።

ጠጋኙ በጣቶቹ መሃል የያዛትን የጎማ ቀለበት አየ። ቱቦው ከመዳቡ ጋር በሚገጥምበት ገብታ ውሃውን የምትይዘው እሷ ነበረች። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣላት። ሚስቱ ስትመለስ ማጥበቂያውን ዘረጋላት።

«ነይ፣ የመጨረሻዋን አንቺ እሰሪያት። የራስሽ ዕቃ አይደል?»

ምላሷን በጥርሷ ይዛ አጠበቀች። ቀና ብላም፣ «ኮምፒውተሩን ሳናበራ መጀመሪያ ውሃውን ብቻ ብናዞረው አይሻልም? እንደዚያ ነው ሲባል የሰማሁት» አለች።

ፊቱን አጠቆረ። «ከማን ነው የሰማሽው? እንግዲያው እሱ ይምጣና ይሥራልሽ።»

«ኧረ እንዲያው ነው ያልኩት። ይቅር በለኝ።»

«አብሪው።»

አበራችው። ፓምፑ በቀስታ አጉረመረመ፤ አረፋው በቱቦው ውስጥ ሮጠ፤ ዳክዬዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ሙቀቱ ሲወርድ አይታ እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

መጋጠሚያው ላይ ጠብታ ተቋጠረ። መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። ሶኬቱ እግሩ ሥር ነበር፤ አልነቀለውም። ጠብታው ወደቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ ከዚያ ቱቦው ጭራሽ ተፈናጠረ። አንዴ ብልጭ አለ፣ ስክሪኑ ጨለመ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሶኬቱን የነቀለችው እየጮኸች የተወረወረችው ሚስቱ ናት።

«ምን አድርጌ ነው? በናትህ፣ ምን አድርጌ ነው?»

ረጋ ብሎ መጋጠሚያውን አሳያት። «ይሄውልሽ። ቀለበቷን ሳታስገቢ ነው ያጠበቅሽው።»

«አላየኋትም… አላየኋትም እኮ!»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት ፀጉሯን እየዳበሰ። «አንቺን ማመን አልነበረብኝም።»

ደረቱ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ እንዲህ ቀልሎት የማያውቅ ሆኖ ተሰማው። ፊልሙ ያለበትን ዲስክ እንኳ ራሱ አድርቆ አተረፈላት፤ እጁን ስማ አመሰገነችው። ካርዱ ግን አመድ ሆኗል፤ ከተማውን ቢያስሱ አምሳያው አልተገኘም። ቀጠሮው አለፈ፤ ድርጅቱም ፊቱን ወደ ሌላ ሰው አዞረ። እህቷ ቀጠሮው ሳያልፍ ፊልሙን የምትጨርስበት ጠንካራ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ፈልጋ አግኝታላት ነበር። «የሰው ዕቃ አላበላሽም፤ እጄን አላምነውም» ብላ እንቢ አለች። አሁን የባሏ ሱቅ በር ላይ ተቀምጣ ከደንበኞች ዕቃ ትቀበላለች።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠጋኙ ታሪኩን ያወራል። «ኮምፒውተሩ ሞቀኝ ቢላት፣ የኔ እመቤት ገላውን አጠበችው!» ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

ባለፈው እሑድ የእህቷ ቤተሰቦች ሲመጡ ግን አልጠበቀችውም።

«ሞቀኝ ቢለኝ ሰውነቱን አጠብኩት» አለች፣ ራሷ ቀድማ እየሳቀች። እህቷ አንገቷን ደፋች። ሌላም የሳቀ የለም።

ጠጋኙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሰውነቱን አይደለም፣ ገላውን በይ እንጂ። የሚያስቀው እሱ ነው። በይ ድገሚው።»

ደገመችው።