የዓምደሚካኤል ጠርሙሶች

ጓዳው ውስጥ «ጧ!» ሲል አልቃሾቹ ዝም አሉ። ሁለተኛው «ጧ!» ሲከተል አሮጊቷ እመት ፈጠነች ነጠላቸውን ጥለው መሬት ላይ በደረታቸው ተዘረጉ። ወንዶቹ በሩ ላይ ተጋፉ።

«ተኩስ ነው! ጣሊያን መጣ!»

«ተኩስ አይደለም» አለች ሳህሊቱ ከሰሌኗ ሳትነሣ። ባሏ ዓምደሚካኤል ከተቀበረ ገና ማግሥቱ ነበር፤ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል። «ጠርሙስ ነው። የሱ ጠጅ ነው።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም አቶ ወልደመስቀል ከውጭ አንገታቸውን አስገቡ።

«ጠጅ ይተኩሳል እንዴ?»

«የወንድምዎ ይተኩሳል።»

ሳህሊቱ ዓይኗን ጨፈነች። ሞቶ እንኳ አላሳርፍ አለኝ፣ ስትል አሰበች።

ዓምደሚካኤል በሶዶ የታወቀ ጠጅ ጣይ ነበር። ማሩን ለመግዛት ተበላ እስከሚባለው የቆላ ገበያ ድረስ ራሱ ይወርዳል፤ የገደለው ንዳድም ከዚያው ቆላ የያዘው ነው። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ ለአንድ መኮንን ማር ሊሸጥ ሄዶ ዕቃ ቤቱን አየ። የወይን ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ እንደ እንጨት ተደርድሯል። አንዱ ጠርሙስ ከእሱ ጋብቻ በዕድሜ እንደሚበልጥ አስተርጓሚው ነገረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«የእኛ ብዙ ሳይቆይ ይሆመጥጣል፤ የነሱ ባረጀ ቁጥር ይጥማል» አላት ሳህሊቱን። «ምሥጢሩ ቡሹ ነው። አየር ካላገኘ አይበላሽም።»

«የነሱ ፈልቶ ሲያበቃ የታሸገ ይሆናል። ያንተ ገና እየፈላ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! አያቶቻችን ያላወቁት ሁሉ ውሸት ነው?»

«ቆይ ነው የምልህ። አንድ ሳምንት ምንድን ነው?»

አልቆየም። ጣሊያኖቹ የጣሏቸውን ጠርሙሶች ለቃቅሞ አጠበ፤ እናቱ ጋን እንደሚያጥኑት እያንዳንዱን በወይራ ጭስ አጠነ። ጠጁን ሞልቶ ቡሹን በዘነዘና እየመታ አስገባ። ጠጅ ቤቱ ሁሉ ሳቀበት። ንዳዱ ከጣለው በኋላም የሚያወራው ስለዚያው ነበር፤ «ጠርሙሶቼን ሰው እንዳይነካ። ለፋሲካ ይከፈታሉ። ያን ጊዜ ይሳቁ።»

«ጧ!» አለ ሦስተኛው።

«አሁኑኑ ይደፋ!» ጮኹ አቶ ወልደመስቀል። «ጣሊያኖቹ ከሰሙ ጠመንጃ ደብቃችኋል ብለው ቤቱን ያቃጥሉታል!»

«ታዲያ ይግቡና ይድፉታ።»

«እኔ? ፊቴን ቢያፈርጠውስ?»

«ጠበል ይረጭበት» አሉ እመት ፈጠነች ከመሬት ቀና ሳይሉ። «ሌላ ነገር ነው ይሄ።»

«እርጥብ ጆንያ ይሻለዋል» አለ ጎረቤቷ ኤርካሎ። ወላይታ ነው፤ በወንጌል ካመነ ወዲህ መጠጥ አይቀምስም። «እኔ ልግባ፣ እትዬ?»

«አንተ ደግሞ ጠጅ አትነካም» አሉት አቶ ወልደመስቀል።

«መጠጣቱን ነው የተውኩት፣ ጋሼ። መሸከሙን አልተውኩም።»

አንዱ ሳቀና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው የሳለ አስመሰለ።

ሳህሊቱ ብድግ አለች። «ማንም አይደፋውም። ይህ ጠጅ ከተደፋ ባሌ ሞቶም መሳቂያ ሆኖ ሊቀር ነው። ቡሹ ሲላላ ይተነፍሳል።»

«ተቀመጪ!» አሉ እመት ፈጠነች። «ሣልስቱ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ሥራ ይነካል? ወግ አታውቂም?»

«ፈርቶ በር ላይ የቆመውን ይህን ሁሉ ጎልማሳ ጓዳ የሚያስገባ ወግ ካለ አምጡልኝ፣ እቀመጣለሁ።»

ኤርካሎን አስከትላ ጓዳ ገባች።

ጓዳው ማርና ወይራ ይሸታል፤ መሬቱ ረጥቧል፣ ስባሪ ተበትኗል። ኤርካሎ ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ይይዛል፤ እሷ ቡሹን ትጠመዝዛለች። አረፋው በክንዷ እየወረደ የሐዘን ቀሚሷን አራሰው። ከየጠርሙሱ የተረፈውን ጋኑ ውስጥ መለሰችው።

«ሳምንት አልኩህ» ትላለች በየጠርሙሱ። «ሳምንት! ምን ነበረበት?»

«እኔን ነው፣ እትዬ?»

«አንተንማ ምን አደረግኸኝ? በሕይወት እያለ ያልሰማኝን ሰው ነው እንጂ።»

ኤርካሎ ራሱን ነቀነቀ። «ጋኑ ውስጥ ፈልቶ ሲያበቃስ?»

«እኔው አሽገዋለሁ።»

«በጠርሙስ?»

«በጠርሙስ። ሐሳቡስ ደኅና ነበር። ለፋሲካ ትመጣና የሳቁበት ሲጠጡ ታያለህ።»

የቀረው አንድ ነበር። ኤርካሎ ጠቀለለው፤ ሳህሊቱ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«እትዬ፣ ይሄም እንደ ሌሎቹ ነው። ይፈነዳል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እሱ የዘጋው ሌላ አልቀረም» አለች ቀስ ብላ።

ከሳሎን አቶ ወልደመስቀል «አለቀ ወይ?» እያሉ ይጣራሉ። እሷ ግን ጠርሙሱን ከጆንያው አውጥታ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ በጉልበቶቿ መካከል አቆመችው፣ መዳፏንም ቡሹ ላይ ጫነች። ከሥር ቀስ ብሎ ሽቅብ ገፋት።

እሷም ወደ ታች ገፋችው።